ቅመሺ

«ቆጮውን ወፈር አድርጌ ነው የጋገርኩት። ጌዲ የሚታኘክ ነገር ካላገኘ የበላ አይመስለውም» አለች ተስፋነሽ፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን በመዳፏ እየተጫነች። ይህን ያለችው ለልጇ ለጣቢታ ነው። ጌዲ ማለት ደግሞ ባለፈው እሑድ የጣቢታን የፊት ጥርስ አውልቆ፣ ቅንድቧን ተርትሮ የታሰረው ታላቅ ወንድሟ ነው። ከእሑድ ወዲህ ጣቢታ የምትቀምሰው አጥሚት ነው፤ እሱንም አቀዝቅዛ፣ በአፏ ጥግ እያሾለከች። ቢሆንም የወንድሟን ቁርስና ምሳ ጣቢያ የምታመላልሰው እሷው ነች። በዚህ ቤት ይህ ነገር ግራ ያጋባው ሰው ያለ አይመስልም።

ቤት ያልነው አንድ ክፍል ነው። ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከድሩ የሚባል ነጋዴ ከሱቁ ጀርባ ከደረደራቸው የጭቃ ክፍሎች አንዱ። መሃሉን መጋረጃ ይከፍለዋል፤ ከመጋረጃው ወዲያ እናትና ልጅ የሚተኙበት አልጋ፣ ወዲህ፣ በሩ ሥር፣ የጌዲ ፍራሽ። የሚወጣም የሚገባም የጌዲን እግር መሻገር ግድ ይለዋል። ቦታውን የመረጠው ራሱ ነው፤ «ወንድ በር ላይ ነው የሚተኛ» ብሎ። ከሌባ ሊጠብቃቸው ነበር። ሌባ መጥቶ አያውቅም፤ የጣቢታን መውጫና መግቢያ ግን ከፋብሪካው ተቆጣጣሪ ይልቅ እሱ አበጥሮ ያውቀው ነበር። ከታሰረ ወዲህ ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ቤቱም ሰፍቷል። እናትም ልጅም ይህን አይተዋል፤ ያወራው ግን የለም።

ተስፋነሽ «ዝም አይነቅዝም» የምትል ሴት ናት። ከሆሳዕና መጥታ፣ ባሏን እዚሁ ቀብራ፣ ሁለት ልጆች ያሳደገችው በዚህ ተረት ነው። በሰፈሩ የጸሎት ኅብረት ፊት ቆማ የምታጸልየውም እሷ ናት፤ ስለዚህ ጣቢያ በር ላይ ድስት ይዛ መታየት አልሆነላትም። «እኔ እዚያ ሰልፍ ላይ ከታየሁ ነገ በየትኛው ፊቴ ነው የማጸልየው?» ብላ ምሳ ዕቃውን ለጣቢታ ሰጠቻት። ጣቢታም ተቀበለች። ጥርሷን ቢያወልቅም ወንድሟ ነው፤ ይራብ አላለችም። ይታሰር ማለትና ይራብ ማለት ለእሷ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ።

የግቢው በር ላይ የከድሩ ሚስት ራቢአ የሱቁ ደጃፍ ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች። እሑድ ጠዋት ጩኸቱን ሰምታ የሮጠች፣ ጣቢታን ክሊኒክ ያደረሰች፣ ፖሊስም የጠራች እሷ ነች፤ ባሏ «የተከራይ ገመና ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ» ብሎ እስከ ዛሬ አኩርፏታል። እንደ ወትሮዋ የዘይቱን መወደድ፣ የመብራቱን መጥፋት ልታወራ አፏን ከፈተችና ምሳ ዕቃውን አየች።

«ዛሬም?» አለች።

«ዛሬም» አለች ጣቢታ።

ራቢአ ሌላ ቃል ሳትጨምር ውሃዋን መርጨቷን ቀጠለች። ጣቢታን ነገሩ ከነከናት፤ ከዚያች ሴት በቀር ደግ ቃል ያሰማት ሰው አልነበረምና። ምን እንዳስቀየመቻት ግን አልገባትም።

እስከ ጣቢያው በእግሯ ነው የምትሄደው። የባጃጅ ዋጋ ስለተሰቀለ ብቻ አይደለም። ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ በመስታወቱ ፊቷን ያያል፤ ካየ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ምን አድርገሽው ነው?» ቅንድቧን የሰፋላት ነርስም፣ የፋብሪካው ተቆጣጣሪም፣ ቃሏን የተቀበሉት ሳጅንም መጀመሪያ የጠየቋት ይህንኑ ነው። ያደረገችው የሌሊት ፈረቃ ሠርታ፣ የሠራተኛ ሰርቪሱ ሳይመጣ ሲቀር ከባልደረቦቿ ጋር ባጃጅ ተኮናትራ መምጣቷ ነው። ባልደረቦቿ ቀድመው ስለወረዱ ግቢው በር ላይ ስትደርስ ከሾፌሩ ጋር ብቻዋን ነበረች። ጌዲ በሩ ላይ ቆሞ ያየው ይህን ነው። ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ለእሱ ግን በቃው።

ጣቢያው በር ላይ የሚቆመው ሰልፍ ሴት ብቻ ነው። የታሰረው ወንድ፣ ስንቅ ይዞ የቆመው ሴት። የሰረቀውም፣ የደበደበውም፣ ሰክሮ የሰው መስታወት የሰበረውም በእናቱ፣ በሚስቱ፣ በእህቱ ድስት ነው ውሎ የሚያድረው። ሰልፉ የራሱ ጨዋታ አለው። የማን ሽንኩርት እንደረከሰ፣ የትኛው ዳኛ ቶሎ እንደሚቆጣ፣ ቡራዩ በኩል ቤት ኪራይ ይሻል እንደሆነ ይወራል። ባሏ በጠብ የገባባት ሰይዳ ዘወትር ሁለት ፌስታል ይዛ ትመጣለች። አንዱ የባሏ ነው፤ ሌላው ከአሠሪዋ ወርቅ ሰረቀች ተብላ ብቻዋን አንድ ክፍል ውስጥ ለታሰረች፣ አይታት ለማታውቃት ልጅ። «ሴት ስትታሰር ስንቅ ይዞ የሚመጣ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት አንድ ቀን ለጣቢታ፣ እየሳቀች። ጣቢታ አስባ አስባ አንድም አጣች።

«አካም ቡልቴ፣ ጣቢታ?» አላት የበሩ ፖሊስ ኢብሳ፣ ተራዋ ሲደርስ። ሰላምታ የማያጓድል ትሁት ሰው ነው። ክዳኑን ከፈተ፣ ቆጮውን አየ፣ ጎመኑን በማንኪያ ገለበጠና እንደ ልማዱ «ቅመሺ» አላት። ደንቡ ነው፤ ምግብ ያመጣ ሰው ራሱ ቀምሶ ካላሳየ ወደ እስረኛ አይገባም። መርዝም ሌላም እንዳይገባ ተብሎ የወጣ ነው። ጣቢታ ከቆጮው ጠርዝ ቆረሰች፣ በጎመን ጠቀለለች፣ በቀኝ መንጋጋዋ ማኘክ ጀመረች። ሕመሙ ከድዷ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ ዘለቀ። ኢብሳ እስክትውጥ ፊቱን ዞር አድርጎ ጠበቃት፤ ማየቱ እሱንም ሳያሳፍረው አልቀረም።

ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ሲያበቃ «ሳጅን ይፈልጉሻል» አላት። ሳጅን ጃለታ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ሰው ላይ የማይጮሁ መርማሪ ናቸው። «ኮቱ፣ ነይ ግቢ» ብለው ወንበር ሳቡላት። «አንቺስ ጨዋ ልጅ ነሽ። አቶ ኤልቃናና እናትሽ ትናንት መጥተው ሁሉንም ነግረውኛል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ፤ ፖሊስ ዋስትናውን አይቃወምም። ማታ እቤታችሁ አብራችሁ እራት ትበላላችሁ።»

ጣቢታ መጀመሪያ የሰማችው «ማታ» የሚለውን ነው። አቶ ኤልቃና የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እሷን ግን መጥተው አላነጋገሯትም። «ምኑን ነው የነገሩዎት?» አለች።

«መታረቃችሁን ነዋ።»

«እኔ አልታረቅኩም።»

ሳጅን ጃለታ ፈገግ አሉ፤ ክፋት የሌለው፣ የአባት ፈገግታ። «ጠዋት ማታ በእጅሽ የምታበዪው አንቺ አይደለሽ? እዚሁ በር ላይ ከምግቡ ቀምሰሽ የምትሰጪው አንቺ አይደለሽ? የተጣላ ሰው ከአንድ ገበታ ይቆርሳል እንዴ? እኔ ሳልጠይቅ ኢብሳ ነው ያረጋገጠልኝ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባላል፤ ሽማግሌው ጨርሰውታል፤ አንቺም በተግባር አሳይተሻል። ጉዳቱም ቢሆን በሕጉ ቀላል የሚባለው ነው።»

ጣቢታ ምላሷን ጥርሷ ወደነበረበት ቦዶ ሰደደች። ቀላል። ልትናገር ፈለገች፤ ያኘከችው ቆጮ ግን አፏን አደንዝዞታል፣ ከንፈሯም አልታዘዝ ብሏል፣ ሳጅኑም ሌላ ፋይል ገልጠዋል። ራቢአ ለምን እንዳኮረፈቻት አሁን ገባት። እናቷ በእሷ እግር ጣቢያ ድረስ የላከችው ቁርስ ብቻ አልነበረም። በአፏ የተናገረችው አልተሰማላትም፤ በአፏ የበላችው ግን ምስክር ሆኖባታል። እንዲህ ያለ ንዴት ይዟት አያውቅም፤ ንዴቱም ወደ ወንድሟ ይሁን ወደ እናቷ፣ ወደ ራሷም ይሁን መለየት አቃታት።

ከቢሮው ወጥታ በረንዳውን ተከትላ ሄደች። «የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። በረንዳውን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ ቀና ብላ ሳትጠየቅ ነገረቻት፤ የክፍሉ ኃላፊ አዳማ ስብሰባ ሄዳለች፣ በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ሥልጠና ነው አሉ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ትመለሳለች። ጣቢታ ጓጉንቸሩን በእጇ ይዛ ትንሽ ቆመች። የሚቀጥለው ሳምንት ሩቅ ነው፤ ማታ ግን ቅርብ ነው። ወደ ሰርቪሱ ማቆሚያ ሄደች፤ ፋብሪካ ያለችውን ጓደኛዋን አስታውሳ ነበር፤ ታሳድረኛለች ብላ ስላልገመተች ግን ተመለሰች። የክሊኒኩን በር አልፋ፣ የእንጨት መሰንጠቂያውን አልፋ፣ የምትሄድበትን ሳታውቅ ብዙ ተንከራተተች። መኪናው፣ አቧራው፣ የባጃጁ ጡሩንባ ሁሉ ፍጠኚ የሚላት መሰላት። ሌላ የምትገባበት ስላጣች እቤቷ ገባች።

ፍራሹ ተዘርግቷል። በሩ ሥር፣ በዚያው በቦታው፣ ታጥቦ በደረቀ አንሶላ ተሸፍኗል። ተስፋነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጌዲን ነጭ ሸሚዝ በከሰል ካውያ ትተኩሳለች፤ ለፍርድ ቤት የሚለብሰው ነው። ሦስተኛው ክፍል ያሉት ተከራዮች የዝማሬ ካሴት ከፍተው ቤቱን ሞልተውታል። ጣቢታ ፍራሹን ተራምዳ ማለፍ አቅቷት ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ታርቀዋል ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

ተስፋነሽ ካውያውን ከአንገትጌው ወደ እጅጌው አዞረች። ከዚያ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሣ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አለች። «እሱንም እኔ ነኝ የወለድኩት። ሕንጻ ላይ ብረት ሲያስር ውሎ እጁ ተልጦ የሚያመጣውን አብረን በልተናል። ልጄ ከሌባ ጋር ሲያድር እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«እኔ ማታ እዚህ እንዴት እንደምተኛ አላሰብሽም?»

«አንቺ ሴት ነሽ። ዛሬም ባይሆን ነገ ታገቢና ትሄጃለሽ። እኔን የሚጦረኝ፣ የሚቀብረኝ እሱ ነው።» ይህን ስትል ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ዘይቱ ዋጋ፣ ሁሉ እንደሚያውቀው ነገር ነው ያለችው። ጣቢታን የጎዳትም ይኸው ነው። ጌዲ ሲመታት እንኳ እንዲህ ባዶነት አልተሰማትም ነበር። ተስፋነሽ ሸሚዙን አጣጠፈች፣ ተነሥታ ሌላ ምሳ ዕቃ ሞላች፣ ሸሚዙን በፌስታል አድርጋ ሁለቱንም እጇ ላይ አኖረችላት። «ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ይብላ። ባዶ ሆዱን ዳኛ ፊት አይቁም።» ጣቢታ ተቀበለች። ለምን እንደተቀበለች መንገድ ላይ ራሷን ጠየቀች፤ እምቢ ማለትን የለመደች እጅ አልነበራትም።

የምሳው ሰልፍ ከቁርሱ ይረዝማል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን፣ ሻርፓቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበውታል። ሰይዳ ከፊቷ ቆማ ስለ በርበሬ ታወራለች፤ ጣቢታ ግን አንዱንም አልሰማችም። አምልጣ ብትሄድ ምሳው አይደርስም፤ እናቷ ግን ሌላ ሰው ትልካለች፣ ማታም ጌዲ ይመጣል። ብትቀምስ ደግሞ ያው ነው፤ ማታ ይመጣል። ኢብሳ ክዳኑን ከፈተ።

«ቅመሺ።»

ጣቢታ እጇን አልዘረጋችም። «አልቀምስም» አለች።

ኢብሳ የተሳሳተ ነገር የሰማ መስሎት ማንኪያውን አቀበላት። «አልቀምስም» አለች ደግማ፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። የኢብሳ ፊት ተለወጠ። ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰና ምሳ ዕቃውን ከሰልፉ አርቆ መሬት ላይ አስቀመጠው። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ምን አለበት ምግቡ?» ከኋላ አንዷ «መርዝ» አለች። ቃሉ እስከ ሰልፉ ጭራ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሴቶቹ ፌስታላቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ወደኋላ አፈገፈጉ፤ «ያሳዝናል፣ ገና ልጅ ነች» የምትልም ነበረች። ጠዋት በቆሰለ ፊቷ ያሳዘነቻቸው ልጅ በአንድ ቃል ወንጀለኛ ሆነች። ሰይዳ ብቻ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ሳጅን ጃለታ ኮፍያቸውን እያደረጉ ወጡ። የጠዋቱ ፈገግታ የለም። «ምን ጨመርሽበት?» አሉ። ዛሬም የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እሷ ጥፋት ነበር።

«ምንም። እናቴ ናት የሠራችው። ቆጮና ጎመን ነው።»

«ታዲያ ለምን አትቀምሺም?»

ጣቢታ ወደ ምሳ ዕቃው ጠቆመች። «ጠዋት አልታረቅኩም ስልዎት ከምግቡ በልተሻል አሉኝ። እንግዲህ አልበላሁም። ይራብ አላልኩም፤ ይብላ። ሊገድለኝ ከደረሰ ሰው ጋር አብሬ እንደበላሁ ተቆጥሮ ማታ እቤቴ እንዲመጣ ግን አልፈልግም። እፈራዋለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው የተናገርኩት፤ ከፈለጋችሁ ጻፉት።»

ሳጅን ጃለታ ምሳ ዕቃውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ የተሰፋውን ቅንድቧን ከእሑድ ወዲህ ገና አሁን ትኩር ብለው አዩት። መርዝ ነው እንዳይሉ አይመስልም፤ ዕርቅ ነው እንዳይሉ ደግሞ ይህ ሁሉ ጆሮ ሰምቷል። «በረንዳው ላይ ቃሏን እንደገና ተቀበል» አሉት አጠገባቸው ለቆመ ፖሊስ፣ በስጨት ብለው። ወደ ኢብሳም ዞረው «እናትየውን ጥራልኝ። የሠራችው ትቅመሰው» አሉ።

ተስፋነሽ በባጃጅ መጣች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ማንንም ሳታይ በሰልፉ ዳር አለፈች፤ ሰልፉ ግን አያት፤ ከጸሎት ኅብረቷ የሆነች አንዲት ሴትም «እንዴ፣ ተስፋነሽ» ስትል ተሰማ። ኢብሳ ክዳኑን ከፈተላት። «ቅመሱ፣ እናቴ።» ተስፋነሽ ቆረሰች፤ ትልቅ አድርጋ ቆረሰች። ቆጮው ወፍራም ነበር። አኘከች፣ አኘከች፣ እንባዋ ጉንጯን አልፎ አፏ ውስጥ እየገባ ከምግቡ ጋር አብራ ዋጠችው። ልጇ በረንዳው ላይ ቃሏን እየሰጠች ስታያት እናትም ቀና ብላ አየቻት። ጣቢታ ሮጣ ልታቅፋት ዳድቷት ነበር፤ ብድግ ካለች ግን ቃሏ ሳያልቅ እንደሚቀር ታውቃለች፤ ተቀመጠች።

ጌዲ ስምንት ሰዓት ላይ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ወደ ፒክ አፑ ሲወስዱት እህቱን አየና ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የያዘው ፖሊስ ገፋ አደረገው። ፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ጉዳዩም ብዙ አልፈጀም። ሳጅን ጃለታ ቆመው የግል ተበዳይዋ አልታረቀችም፣ ስጋት አለኝ ብላለች አሉ፤ ጌዲ ወንድም እህቱን ቢቀጣ ምን ወንጀል አለው ብሎ ጠየቀ፤ ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩትና ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። ወደ ጣቢያው ተመለሰ። ይኸው ነው። ጣቢታ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስታ ግን አልመጣም፤ የመጣው ድካም ነው።

እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ተመለሱ። ባዶውን ምሳ ዕቃ ተስፋነሽ ያዘችው፤ ጣቢታ ልቀበልሽ አላለችም። በእንጨት መሰንጠቂያው፣ በክሊኒኩ በር፣ በአቧራው መሃል አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሄዱ። ግቢው በር ላይ ተስፋነሽ ቆመች። ፊቷን ሳታዞር ነው የተናገረችው።

«ነገ ስንቁን እኔ እወስድለታለሁ።»

«እሺ፣ እማ።»

«አንቺ ዛሬ የት ልታድሪ ነው?»

«እቤት ነዋ። የት ልደር?»

«እሱ የተፈታ ዕለትስ?»

ጣቢታ በሩን በትከሻዋ ገፋ አደረገችና እናቷን ቀድማ ገባች።

«ያን ዕለት እሱን ጠይቂው» አለች። «የት ልታድር ነው በይው።»